መብራት ሲሄድ የማይጮኸው ልጅ

ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ እህቴ ቤት መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥ አደረግን። ኦቲዝም ያለበት የእህቴ ልጅ ማሙሽ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ እያየ ነበርና የሚመጣውን እናውቀዋለን። አመሻሹ ላይ እናቱ ስልኩን ከእጁ ስትወስድበት ደረጃው ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኾ፣ ወለሉ ላይ ተንከባሎ፣ የገዛ እጁን ነክሶ ነበር። የጥርሱ ምልክት ገና አልጠፋም።

አልጮኸም። ጥቁሩን ስክሪን ትንሽ አየው። «መብራት ሄደ» አለ። ከዚያ ብድግ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄደና የጨለመውን ሰፈር ያይ ጀመር።

እህቴ በጨለማ ክንዴን ጨበጠችው። «ሰማሽ?» እሷን የገረማት መናገሩ ነው። ማሙሽ ሁለት ቃል አገጣጥሞ በቦታው ሲጠቀም መስማት ብርቅ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ልጁ ያው፣ ቪዲዮው ያው፣ መቋረጡም ያው። አንዱ ቤት ሲያናውጥ ሌላው ዝም ብሎ አለፈ። ቀጥሎ ያሉትን ሰባት ወራት ያሳለፍነው ይህን ልዩነት ስናሳድድ ነው።

ልጁና ቤቱ

ስሙን አልጽፍም። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የሚባለው፣ እዚህም ማሙሽ ይሁን። ያኔ አምስት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ስምንት ዓመቷ የሆነች እህት አለችው፤ እሷን ሚሚ እንበላት። የሚኖሩት አዲስ አበባ፣ አያት የሚባለው ሰፈር አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባትም እናትም ሥራ ይውላሉ። ቀን ቤት የምትውለው እናታችን ናት፤ ልጆቹ እማማ ይሏታል። ቤቱን የምታግዛት ልጅም አለች። እኔ አክስት ነኝ። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ሐኪምም የንግግር ባለሙያም አይደለሁም። ደብተር መያዝ ግን የሥራዬ አመል ነው።

እማማ ጉልበቷን ያማታል። ማሙሽ ደግሞ በር ክፍት ካገኘ ደረጃውን በሩጫ ነው የሚወርደው። ታች መኪና አለ። ስልክ ሲሰጠው ቁጭ ይላል። ቁጭ ካለ አይወድቅም፣ አይጠፋም፣ አይገጭም። ወጡም ሳያር ይወርዳል። ይህን ሳያዩ «ለምንድን ነው ስልክ የምትሰጡት?» ማለት ቀላል ነው። እኔም ብዬዋለሁ። በኋላ አፍሬበታለሁ።

ወሬም ነበር። አንድ ጎረቤት «ይሄን ነገር ያመጣበት ቲቪው ነው» ብላ እህቴን ሌሊቱን ስታለቅስ አሳደረቻት። ይህን እዚሁ ልጨርሰው፦ ቪዲዮ ኦቲዝም አያመጣም። ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ጉዳይ ነው፤ ከመወለድ በፊት የሚጀምር፣ የዘር ድርሻውም ትልቅ የሆነ። ብዙ ቪዲዮ የልጅን እንቅልፍ፣ ጨዋታና ጭውውት ሊሻማ ይችላል። እሱ ሌላ ነገር ነው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ራሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ቤተሰብ ልጁን እንዳይደብቅ ሲወተውቱ ኖረዋል። ይህን ሁሉ ሰምተንም ጎረቤት አንዲት ቃል ስትወረውር እናት ራሷን መክሰስ ትጀምራለች።

መጀመሪያ ያበላሸነው

ከጥቅምቱ ማታ በፊት አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። ነሐሴ ላይ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው። «በቃ፣ ስልክም ቲቪም የለም» አልን፣ ድርግም አድርገን።

ማሙሽ ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛም። ምግብ ቀነሰ። የእማማን ስልክ ከትራሷ ስር አግኝቶ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆለፈ። በስድስተኛው ቀን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከጮኸ በኋላ፣ አባቱ አላስቻለውም። ስልኩን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ሰጠው። ማን ይፈርድበታል? ግን በዚያች ደቂቃ ልጁን አንድ ነገር አስተማርነው፦ በደንብ ከተጮኸ፣ ለረጅም ጊዜ ከተጮኸ፣ ስልክ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያየነው ጩኸት ከነሐሴ በፊት ከነበረው የባሰ ነው።

ደብተሩ

ከመብራቱ ማታ በኋላ አንድ ሳምንት ምንም ሳንቀይር ጻፍን። መቼ ጀመረ፣ ምን አየ፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ እንዴት ቆመ፣ ከዚያ ምን ሆነ። እማማ መጻፍ ስለሚከብዳት ቤቱን የምታግዘው ልጅ ጻፈችላት። የልጅቷ ማስታወሻ ከእኔ ይሻላል። «ስልኩን ስቀበለው አይኔን አላየኝም፣ እጄን ነው ያየው» ብላ የጻፈችው አሁንም ትዝ ይለኛል።

በሥራ ቀን በአማካይ አራት ሰዓት ተኩል ያያል። ቅዳሜና እሁድ ይበልጣል። ይህ አላስደነቀንም። ያስደነቀን «እንዴት ቆመ» የሚለው ረድፍ ነው። በሰባት ቀን ቪዲዮ 34 ጊዜ ቆሞበታል። ከባድ ጩኸት የተጻፈው 19 ጊዜ ነው። ከነዚህ ውስጥ 17ቱ ሰው ከእጁ የወሰደበት ጊዜ ነው። መብራት ወይም ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ወይም ባትሪ አልቆ የቆመው ስድስት ጊዜ ነው። ከስድስቱ የጮኸው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም ከጠዋት ጀምሮ አሞት ነበር።

የአንድ ልጅ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ጥናት አይባልም። ግን የሚመሳሰል ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ስክሪን እንዴት እንደሚያስጨርሱ ማስታወሻ አስይዘው ነበር። ሁላችንም ደግ ነገር ነው ብለን የምናደርገው «ሁለት ደቂቃ ቀረህ!» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነገሩን ሲያባብሰው አገኙት። ቀለል ያለው ደግሞ ቪዲዮው ራሱ ሲያልቅ፣ ወይም መሣሪያው ራሱ ሲቆም፣ ወይም ማቆሙ የየዕለቱ ልማድ አካል ሲሆን ነው። ጥናቱ ስለ ትንንሽ ልጆች በጠቅላላ እንጂ ስለ ኦቲዝም አልነበረም። ለእኛ ግን የእማማ ሳሎን የተጻፈ ነው የመሰለን።

ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ከሰው ጋር ክርክር አለ። ሰው ሊራራ ይችላል፣ ሊሰለቸው ይችላል፣ እንግዳ ሲመጣ ሊያፍር ይችላል። ከመብራት ጋር ክርክር የለም።

ሌላም አለ። እኛ ልጅ ሳለን ቴሌቪዥን ያልቅ ነበር። አባባ ተስፋዬ በሳምንት አንዴ ይመጣሉ፣ ተረታቸውን ይነግሩናል፣ ይሰናበቱናል፣ ያልቃል። የሚቀማን ሰው አላስፈለገም። ስልክ ላይ ግን የሚያልቅ ነገር የለም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎች አውቶፕሌይ፣ ማለትም ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስጀምረው፣ ከመነሻው ጠፍቶ እንዲመጣ አድርጓል። ጥሩ ነው፤ ማሙሽ የሚያየው ግን በአባቱ አካውንት ነው። በዩቲዩብ ዓይን ማሙሽ ቀን ሙሉ የባቡር በር የሚያይ የ38 ዓመት ሰው ነው።

አሥራ አንዷ ሰከንድ

የባቡር በር ያልኩት ቀልድ አይደለም። ደብተሩን ስንይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስል ያሳፍረኛል። አምስት ዓመት ሙሉ «ምን ያያል?» ሲሉኝ «ካርቱን» ነበር መልሴ።

የውጭ አገር የምድር ባቡር ነው። ባቡሩ ይቆማል፣ ደወል ይጮኻል፣ በሩ ይዘጋል። አሥራ አንድ ሰከንድ። ማሙሽ በአውራ ጣቱ ወደኋላ ይመልሰዋል። እንደገና ይዘጋል። እንደገና። በሩ ሊገጥም ሲል ትከሻው ከፍ ይላል፤ ሲገጥም ይወርዳል፣ ትንፋሹም አብሮ ይወጣል። አርባ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩና አብሬው መተንፈስ ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ ደስ ይላል።

ሁለተኛው የሚወደው ቪዲዮ የአማርኛ ተረት ነው። ጅብ ይመጣል፣ ግልገሎቹ «ጅቡ መጣ!» ብለው በሩን ይዘጋሉ። እዚህ ላይ እህቴ ዝም አለች። ማሙሽ ቤት ውስጥ «ጅቡ መጣ» ሲል ከርሟል። እንግዳ ሲመጣ ይላል፣ ሚሚ ሙዚቃ ስትከፍት ይላል፣ ማታ ሻወር ቤት ውስጥ ይላል። እኛ ከቪዲዮ የቀዳው ትርጉም የለሽ ነገር መስሎን «ጅብ የለም፣ ዝም በል» ስንለው ኖረናል። በሩን ዝጉልኝ እያለ ነው።

ይህን ነገር ባለሙያዎች ያውቁታል። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ሲገልጽ የሰሙትን ዓረፍተ ነገር ቆይተው እንደሚደግሙ ጽፏል። ለረጅም ጊዜ እንደ ችግር ብቻ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሪ ፕሪዛንት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ድግግሞሹ ብዙ ጊዜ ሥራ እንደሚሠራ አሳዩ፤ ልጁ ይጠይቅበታል፣ እምቢ ይልበታል፣ ራሱን ያረጋጋበታል። እንግዲህ ነሐሴ ላይ ስልኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ስንቆልፍ የልጁን መዝገበ ቃላት ነው አብረን የቆለፍነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ለዚህ ተለቀቁ። «ጅቡ መጣ» ማለት በሩን ዝጉ። «መብራት ሄደ» ማለት አለቀ። ይህችን በሳምንቱ ውስጥ ሳህኑ ባዶ ሲሆንም ተናገራት። የተረት መስመር ሲናገር «ዝም በል» ማለት ቀረ። «በሩን ልዝጋልህ?» ሆነ።

ብሬከሩ

እዚህ ላይ የእህቴን ባል ማማት አለብኝ፤ ፈቅዶልኛል። የመብራቱን ነገር ስነግረው ፊቱ በራ። «እና ማጥፋት ነዋ!» አለ። በማግስቱ ማታ ተነስቶ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ብሬከር ዝቅ አደረገው። ቤቱ ጨለመ። «መብራት ሄደ» አለ ማሙሽ፣ በሰላም። አባትየው እንደ ኤዲሰን ተኩራራ።

አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ማሙሽ እንደ ልማዱ መስኮቱ ጋ ሄደ። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ በሙሉ በርቷል። ትንሽ ቆሞ አየ። ተመልሶ መጣ፣ የአባቱን እጅ ያዘ፣ ጎትቶ ወሰደውና ብሬከሩ ስር አቆመው። እጁን ወደ ላይ ገፋለት።

ከሳቃችን በኋላ ዝም አልን። ልጁ ተታልሎ ነበር፣ እናም አወቀ። ፍሪጁም በየማታው ሲጠፋ ሲበራ ነበር፣ እሱን እማማ ናት ያስታወሰችን። ግን ሙከራው አንድ ነገር አጠራልን። እኛ የምንፈልገው ጨለማ አይደለም። የምንፈልገው በማንም ፊት፣ በማንም ስሜት ላይ ያልተንጠለጠለ ፍጻሜ ነው። እና እውነተኛ መሆን አለበት።

ፍላሽና መቆንጠጫ

ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን አዛወርነው። ዋይፋይ የለም፣ ፍላሽ ብቻ። ፍላሹ ላይ ሦስት ቪዲዮ። አንዱ ባቡሩ ነው፤ አሥራ አንዷ ሰከንድ አርባ ጊዜ ተቀጣጥላ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ እንድትሆን አባቱ አቀናበረው። ይህ በእኔ እምነት ከሠራነው ሁሉ ብልኁ ነው። ድግግሞሹን አልከለከልነውም፤ ጫፍ አበጀንለት። ሁለተኛው የጅቡ ተረት። ሦስተኛው በየሳምንቱ የሚቀየር ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቃት ቀጭኔ ናት፤ ቀስ ብላ ታወራለች፣ በአማርኛ ታወራለች፣ ታሪኳም ያልቃል።

ከሦስቱ በኋላ አራተኛ ፋይል አለ። ሃያ ሰከንድ። ሚሚ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ሪሞቱን ትጫናለች። «መብራት ሄደ!» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳቦ ታነሳለች። እኔ ነኝ በስልክ የቀረጽኩት። ልጅ አንድ ነገር ሲደረግ በቪዲዮ አይቶ እንዲማር ማድረግ ለኦቲዝም ከተፈተኑት መንገዶች አንዱ ነው። የእኛው ቪዲዮ ጥራቱ የሚያሳፍር ነው፣ ከጀርባ የፕሬዠር ኩከር ፉጨት ይሰማል። ማሙሽ ፉጨቱንም ጨምሮ ነው የተማረው። አሁን ራሱ ሪሞቱን ሲጫን ያፏጫል።

አጠገቡ ካርቶን ላይ ሦስት ፎቶ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን፣ አራተኛው የዳቦ ፎቶ። አንድ ቪዲዮ ሲያልቅ ፎቶውን ራሱ ያወርዳል። ቀጥሎ የሚሆነውን በቃል ከመናገር በዓይን ማሳየት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የቆየ ዘዴ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኤሪክ ሾፕለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሙሉ የማስተማሪያ ሥርዓት ሠርተውበታል። እኛ የወሰድነው ቅንጣቷን ነው። ለማሙሽ «አምስት ደቂቃ» ምንም አይደለም። «አንድ መቆንጠጫ» ግን የሚጨበጥ ነገር ነው።

በሁለተኛው ቀን ቴሌቪዥኑ አራቱን ፋይል ጨርሶ በራሱ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማሙሽ በደስታ ዘለለ፣ እኛ ግንባራችንን መታን። ለካ ቴሌቪዥኑ ፍላሽ ሲሰኩበት እንዲደጋግም ሆኖ ነው የተስተካከለው። ለሚሞክር ሰው፦ መጀመሪያ «ሪፒት» የሚለውን ያጥፉ።

ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ሆነ፤ ከምሳ በኋላና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ። ማታ ከራት በኋላ የለም። እንቅልፉ የተስተካከለው በዋናነት በዚህ ይመስለኛል፣ ግን ብዙ ነገር አብሮ ስለተቀየረ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

የእማማ ምስር

እስካሁን የጻፍኩት ቀላሉን ነው። ከባዱ የተለቀቀው ሦስት ሰዓት ነው። ቪዲዮ ስትቀንስ ባዶ ሰዓት ትፈጥራለህ፣ ባዶውን ሰዓት የሚሸከመው ደግሞ ቀን ቤት የሚውለው ሰው ነው። እኔ መምህርት ነኝና ለእማማ መርሐ ግብር ጽፌ ሰጠኋት፤ ቀለም መቀባት፣ ኳስ፣ መጽሐፍ። አጣጥፋ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ አንቺ ማታ ነው የምትመጪው። እኔ ነኝ አብሬው የምውለው።»

ልክ ናት። ከሷ ነበር መጀመር የነበረብኝ።

መፍትሔውን ያመጣችውም እሷ ናት። አንድ ቀን ምስር ስትለቅም ማሙሽ መጥቶ እጁን ሰፌዱ ውስጥ ከተተ። አልከለከለችውም። ምስሩን በጣቶቹ መካከል እያፈሰሰ ሃያ ደቂቃ ቆየ። በማግስቱ ሰፌድና አንድ ኪሎ ምስር የሱ ሆነ። ከዚያ ቡና መጣ፤ የሙቀጫውን ድምፅ ጆሮውን ይዞ ይሰማል፣ ግን አይሄድም። ስኒዎቹን ረከቦት ላይ የሚደረድራቸው እሱ ነው፣ እጀታቸው ሁሉ ወደ አንድ ጎን። አንዷን ካዞርክበት ይመልሳታል። እስከ አሁን ሁለት ስኒ ነው የተሰበረው፤ አንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

የገና ዕለት

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት መጥፎ ነበር። ጩኸቱ ተመልሶ መጣ፣ ሚሚን ነከሳት። እንዲህ እንደሚሆን አውቅ ነበር። ይሠራለት የነበረ ነገር አልሠራ ሲለው ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አጠንክሮ ነው የሚሞክረው። ማወቅና መቻል ግን ለየቅል ናቸው። የእህቴ ባል ሁለት ጊዜ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። አየሁት፣ እንዳላየ ሆንኩ።

ገና ሲደርስ ትንሽ ተረጋግተን ነበር። ከዲሲ የመጣች አክስታችን ለማሙሽ ታብሌት ይዛለት መጣች። አዲስ፣ ከነሽፋኑ። ሰው ሁሉ ፊት ከፈተችለት። ስጦታ አይመለስም። እህቴ ፈገግ ብላ አመሰገነችና ኩሽና ገብታ አለቀሰች። በሁለት ቀን ወደ ጥቅምት ተመለስን።

አክስታችን ስትሄድ ታብሌቱን አልደበቅነውም፣ ነሐሴን አልረሳንም። እንደ ፍላሹ አደረግነው። ኢንተርኔቱን አጥፍተን ከነዚያው ሦስት ቪዲዮዎች በቀር ምንም አላስቀመጥንም። ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው መውጣት እንዳይችል ስክሪኑን ቆለፍነው፤ አንድሮይድ ላይ ከደኅንነት ማስተካከያው ውስጥ ይገኛል። በአባቱ ስልክ ላይ ደግሞ አውቶፕሌይን አጥፍተን የተመለከታቸውን ቪዲዮዎች ዝርዝር ሰረዝን፤ ዩቲዩብ የሚያቀርበው ባብዛኛው ካየኸው ተነስቶ ነውና። ታብሌቱ አሁን ለታክሲና ለሐኪም ቤት ወረፋ ነው። እዚያ ላይ ያለ እሱ አንችልም፣ መቻልም ያለብን አይመስለኝም።

ሚሚ

ሚሚ ኦቲዝም የለባትም። የሷ ነገር አጫጭር ቪዲዮ ነው፤ ጣቷ ሳያርፍ ሲያንሸራትት ይመሻል። «ለማሙሽ ካርቶን ሠራችሁለት፣ ለኔ ቁጣ ብቻ» አለችን። እውነቷን ነው። ለእሷ መቆንጠጫ አይሠራም፤ ከእሷ ጋር መደራደር ይቻላል። ስንት ሰዓት እንደሆነ የምትወስነው ከእናቷ ጋር ሆና እሁድ ማታ ነው። የሁሉም ሰው ስልክ፣ የአባቷም ጭምር፣ ሌሊት ኩሽና ውስጥ ነው የሚያድረው። ይህ የአባቷ ክፍል በጣም አስደስቷታል።

ስለ ሰዓት ለሚጠይቁኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁለት እስከ አራት ዓመት ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢቀንስ እንደሚመረጥ ተናግሯል። ለአንድ ዓመት ልጅና ከዚያ በታች አይመክርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ለትልልቆቹ ልጆች አንድ ወጥ የሰዓት ቁጥር መስጠቱን ትቶ ቤተሰቡ እንደ ልጁ ሁኔታ ይወስን ወደሚለው ሄዷል። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

ባቡሩ

አያት ሰፈር የቀላል ባቡሩ መነሻ ናት። ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባቡሩ በደጃችን ሲመላለስ ማሙሽ የባዕድ አገር ባቡር በር በስልክ ያያል። ይህ የታየን የካቲት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። የሥራ መውጫ ሰዓት ነበር፣ ሰው በሰው ላይ። ማሙሽ ጆሮውን ያዘ፣ «ጅቡ መጣ፣ ጅቡ መጣ» አለ፣ ተመለስን። ሁለተኛውን እሁድ ጠዋት አደረግነው። ወንበር አገኘን። በሩ ሲዘጋ ትከሻው ከፍ አለ፣ ወረደ። ከዚያ ቀኝ አውራ ጣቱ አየር ላይ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ወደኋላ ሊመልሰው ነው። ምንም አልሆነም። ፊቱ ሊቀየር ሲል ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ደረሰና በሩ ተከፍቶ እንደገና ተዘጋ። አየኝ። ማሙሽ ሰው ዓይን ውስጥ እምብዛም አያይም። ከዚያ እያንዳንዱ ጣቢያ ደገመለት።

አሁን

ግንቦት ላይ ደብተሩን እንደገና አንድ ሳምንት ሞላነው። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ከባድ ጩኸት ሦስት። በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሌሊት እንቅልፍ የምትለካው እህቴ ግን «ሙሉ ሌሊት ተኛሁ» የምትለው አምስት ቀን ነው።

ያልሆነም አለ። ንግግሩ እንደ ጎርፍ አልመጣም፤ በሰባት ወር የጨመራቸው የራሱ ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለፀጉር መቆረጥ የሠራንለት ቪዲዮ ምንም አልፈየደም፤ ቪዲዮውን ወደደው፣ ማሽኑን አልወደደም። ሚያዝያ ላይ ጉንፋን ይዞት አልጋ ላይ ሲከርም በቀን አራት ሰዓት አየ፣ እኛም ዝም አልን። ሲሻለው ካርቶኑን ራሱ አምጥቶ ቲቪው አጠገብ አቆመው።

ለመስከረም መዋዕለ ሕፃናት አግኝተንለታል። ባለፈው ሄጄ ክፍሉን አየሁት። ደስ ይላል፣ መምህርቷም የዋህ ናት። ግድግዳው ላይ ግን ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ቪዲዮ ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ ማንም አያየውም፣ ማንም አያጠፋውም። ሰኞ ዳይሬክተሯን እናናግራለን። እህቴ የሐኪሙን ወረቀት ይዛለች። እኔ ካርቶኑንና አራቱን መቆንጠጫ ይዤያለሁ፤ እማማ ደግሞ እሷም መምጣት አለባት ብላ ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች።